የጊታር አንገት እጅ የሚይዘው ለምንድን ነው?

ዛሬ ሱሉልታ ላይ ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች ጎን ለጎን ሲሞከሩ ዋሉ። የአንዱ አንገት በወፍራም፣ በሚያብረቀርቅ ፖሊዩረቴን የተቀባ ነው፤ የሌላው ደብዛዛ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው አውራ ጣት ላይ ነው። እጅ ሲያልብ የሚያብረቀርቀው ይይዛል፤ እጃችሁን አንገቱ ላይ ወደ ሌላ ቦታ ስታዛውሩ ያዘገያል።

ለዚህ ቀለሙን መላጥ አያስፈልግም። ክሮቹን አውልቁ፣ ፒክአፖቹን፣ ማለትም የክሮቹን ድምፅ የሚቀበሉትን ማግኔት ያላቸውን ክፍሎች፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ (የብረት ሱፍ ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ ማስለቀቁ መከራ ነው)። ከዚያ የአንገቱን ጀርባ ብቻ በ0000 (በጣም ደቃቅ) የብረት ሱፍ ወደ ርዝመቱ ቀስ ብላችሁ እሹት። ማብረቅረቁ ሲጠፋ አቁሙ። ሽፋኑ ከተበሳ ከስሩ ያለው የሜፕል እንጨት ላብና እድፍ ጠጥቶ ይጠቁራል። ናይትሮሴሉሎስ የሚባለው ቀለም ስስ ስለሆነ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ባይንዲንግን ብዙ ሰው ጌጥ ብቻ ያደርገዋል፤ እኔ አልስማማም። የአንገቱ ዳር ላይ የሚለጠፈው ይህ ቀጭን ፕላስቲክ የፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የሚተከለው ቀጭን ብረት) መቀበያውን ስንጥቅ ጫፍ ይደፍናል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ፍሬቱ ግን ባለበት ይቀራል። ባይንዲንግ በሌለው አንገት ላይ የፍሬት ጫፍ ወጥቶ መዳፍ ይቧጥጣል፤ ይህ በደቃቅ ሞረድ ይስተካከላል። ጊብሰን በሚባሉት ጊታሮች ላይ እንደተለመደው የፍሬቱ ጫፍ በራሱ በባይንዲንጉ ጉብታ ሲዘጋ ደግሞ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠርና ቀጭኑ ኢ ክር ይሰነቀራል። ክፍተቱን በአንድ ጠብታ ቀጭን ሱፐር ግሉ ሙሉት፤ በደንብ ሲደርቅ በ600 ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት።

የባይንዲንጉ ጠርዝ ሹል ከሆነ በትንሹ ክብ አድርጉት። ከመጠን ካለፈ ያው ቀጭን ክር ከዳር ይንሸራተታል።