«ባይ ሁም?»

እንግሊዝኛ ስጽፍ አንድ አመል አለኝ። የረባ ነገር የሠራሁ ቀን «አይ» (እኔ) እያልኩ መስመሩን አጨናንቀዋለሁ። አይ ዲድ፣ አይ ፊኒሽድ፣ አይ ሴንት። ያበላሸሁ ቀን ግን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ድራሼ ይጠፋል። «ኢት ዋዝ» ብዬ እጀምርና ነገሩ ማንም ሳይነካው በገዛ እጁ እንደተበላሸ አድርጌ እጨርሰዋለሁ።

ሰሞኑን ይሄ አመሌ ጉድ ሠራኝ።

የቡድናችን ስብሰባ ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ በቪዲዮ። የጥሪውን ኢሜይል የምልከው እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት ጻፍኩት፣ አሳመርኩት፣ ሁለቴ አነበብኩት። ልልከው ስል ስልክ ተደወለ። ስልኩን አነሳሁ፣ ኢሜይሉን ረሳሁ። ኢሜይሉን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ስብሰባውንም ረሳሁት።

ሐሙስ አለቃዬ ስክሪን ፊት ሃያ ደቂቃ ብቻቸውን ተቀመጡ። የራሳቸውን ፊት እያዩ። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው። ጮኸው አያውቁም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አንዲት መስመር ጻፉልኝ፦ ምን ተፈጠረ?

ድራፍት ከፈትኩ። ኢሜይሌ እዚያው ቁጭ ብሏል፣ እንዳማረበት።

መልሱ ሁለት ቃል ነበር፦ «አይ ፎርጎት»። ጻፍኩት። ሳየው እርቃኔን የቆምኩ መሰለኝ። አጠፋሁት። ትንሽ ካሰብኩ በኋላ ይሄ መጣልኝ፦ «ኢት ዋዝ ቢሊቭድ ዛት ዘ ሚቲንግ ዋዝ ፖስትፖንድ።» ስብሰባው እንደተላለፈ ይታመን ነበር። አቤት ግርማ ሞገስ! እኛ እኮ «ተብሎ ይታመናል»፣ «ተገልጿል»፣ «ተጠቁሟል» የሚል ዜና እየሰማን ነው ያደግነው። ማን አመነ፣ ማን ጠቆመ ብሎ የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም።

አለቃዬ ጠየቁ። «ባይ ሁም?» አሉ። በማን?

እዚህ ላይ ጥፋቴን ማመን ነበረብኝ። እኔ ግን አንዴ የገባሁበት ስለሆነ ገፋሁበት። በአማርኛ አሰብኩት፦ «ተላልፏል ተባልኩ። ሁሉም ሰው ሥራ እንደበዛበትም ተገለጸልኝ።» ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር። ማንም አልተጠቀሰም፣ ማንም አልተጎዳም። ቁጭ ብዬ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥኩት፦ «አይ ዋዝ ሴድ ዛት ኢት ዋዝ ፖስትፖንድ። አይ ዋዝ ኤክስፕሌይንድ ዛት ኤቭሪባዲ ዋዝ ቢዚ።»

ላክሁት። ለሳቸው ብቻ የላክሁ መስሎኝ ነበር። «ሪፕላይ ኦል» ነው የነካሁት። ሥራ በዛባቸው ያልኳቸው ሰዎች ሁሉ ሥራ እንደበዛባቸው ከኔ ሰሙ።

የአለቃዬ መልስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጣ። አማርኛው ይሄን ይመስላል፦ «አንተን ያብራራህ ሰው ከተገኘ እባክህ አገናኘኝ። እኔ ሁለት ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም።»

ከዚያ በኋላ ኢሜይሉ ሥር የተደረደረውን የሳቅ ኢሞጂ አልቆጠርኩትም።

ማታ ታናሽ እህቴ ጋ ደወልኩ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ኢሜይሉን አነበብኩላት። ለረጅም ጊዜ ድምፅ የለም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አፏን ይዛ እየሳቀች ነው።

«አንተ፣ በአማርኛ ‹ተገለጽኩ› ትላለህ?» አለችኝ።

«አልልም።»

«ታዲያ በእንግሊዝኛ ምን አስገለጸህ?»

ዝም አልኩ።

«‹ተገለጸልኝ› ነው የምትለው። እዚያ መሀል ያለችውን ‹ል› አየሃት? በእንግሊዝኛ እሷ ‹ቱ› ናት። ኢት ዋዝ ኤክስፕሌይንድ ቱ ሚ ዛት ምናምን። አማርኛህ በትክክል ነግሮህ ነበር፤ አንተ ነህ ‹ል›ን ጥለህ የሄድከው።»

ይሄን ስሰማ ትንሽ አፈርኩ። በሌላኛው ግን ተከራከርኩ። «‹ተባልኩ› ስል እኮ ባለቤቱ እኔው ነኝ። አይ ዋዝ ሴድ ለምን አይሆንም?»

እውነትም እዚህ ላይ ቋንቋዎቹ ተማክረው ያሾፉብን ይመስለኛል። «አለ» የሚለውን ግስ ተገብሮ (አድራጊው የማይጠራበት) ሲያደርጉት «ተባልኩ» ይሆናል፤ እኔ በክብር ባለቤት ሆኜ ተቀምጫለሁ። «ነገረ» ግን «ተነገረኝ» ነው የሚሆነው፤ እኔ ጭራው ላይ «ኝ» ሆኜ ተንጠልጥያለሁ። እንግሊዝኛ ቦታውን አቀያይሮታል። «ቴል» ሰውን ከፊት ያስቀምጣል፦ አይ ዋዝ ቶልድ ዛት። «ሴይ» ደግሞ ወንበር አይሰጥም፤ ፊት የምትቀመጠው ያቺ ማንነቷ የማይታወቅ «ኢት» ናት፦ ኢት ዋዝ ሴድ ዛት። አማርኛውን ቀጥታ የገለበጠ ሰው ሁለቱንም ይስታል ማለት ነው።

እህቴ መለያውን ነገረችኝ። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ገቢር፣ አድራጊው ወደሚጠራበት፣ መልሰው። «ዘይ ቶልድ ሚ» ይባላል? ይባላል። «ሚ» ግሱ ላይ ልጥፍ ብላለች፤ ስለዚህ ተነስታ ፊት መጥታ «አይ» መሆን ትችላለች። ኢንፎርምድ፣ ዋርንድ፣ ሪማይንድድ፣ አሹርድ እንደዚሁ ናቸው። «ዘይ ኤክስፕሌይንድ ሚ ዛት» ግን አይባልም፤ «ቱ ሚ» ነው። «ቱ» የያዛት «ሚ» ከቦታዋ አትነሳም። ሴድ፣ ሜንሽንድ፣ ሰጀስትድ፣ አናውንስድ ከዚህ ወገን ናቸው።

«ስለዚህ አይ ዋዝ ቶልድ ዛት ኢት ዋዝ ፖስትፖንድ ብዬ ባርመውስ?» አልኳት።

«ሰዋስውህ ይስተካከላል። ውሸትህ ግን አለ።»

እንዲህ ብላ ልታልፈኝ አልፈለግሁም። ታላላቆቹም ያደርጉታል አልኳት። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ለኢራን ስለተሸጠው መሣሪያ ሲናገሩ «ከባድ ስህተቶች ተፈጽመዋል» ነው ያሉት። በ1876 ደግሞ ፕሬዚዳንት ግራንት ለኮንግረሱ ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። ማን ፈጸማቸው? ግሱ ዝም ነው።

«እነሱ መንግሥት ሲመሩ ነው፤ አንተ ሴንድ መጫን ረስተህ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ጻፍኩ። አይ ፎርጎት ቱ ሴንድ ዘ ኢሜይል። አይ አም ሶሪ። ሁለት «አይ»፣ አንድም «ዛት» የለም። ለሁሉም ላክሁ፤ ይሄኛውን አውቄ ነው።

አለቃዬ አመስግነው መለሱ። ከሥሩ አንድ መስመር አከሉ፤ ለሁሉም፦ «ኢት ዋዝ ሰጀስትድ ዛት ሂ ራይት ዘ ሚኒትስ ፍሮም ናው ኦን።» ከአሁን በኋላ ቃለ ጉባኤውን እሱ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ማን እንዳቀረበው አልተጻፈም። ሰውየው ለካ ተገብሮ ይችሉበታል።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ላይ ተተከለ። «ሂ ራይት»! «ራይትስ» አይደል መሆን ያለበት? «ሂ» ካለ «ኤስ» አለች፤ ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። አለቃዬ፣ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነው ሰውዬ፣ «ኤስ» ጥለዋል። ልቤ በደስታ ዘለለች። በትሕትና ጻፍኩ፦ «ራይት ላይ አንድ ኤስ ሳትጎድል አልቀረችም።» ፈገግታም ጨመርኩበት። ላክሁ። ለሁሉም።

ከዚያ ደስታዬን ላካፍል እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ወይኔ ወንድሜ» አለችኝ። «ከ‹ሰጀስትድ ዛት› በኋላ ግሱ ‹ኤስ› ሳይዝ እንደዚያው መሄድ ይችላል። ሪኮመንድድም እንደዚያ ነው። ትእዛዝ አዘል ነገር ስለሆነ ነው። እሳቸው ልክ ናቸው። ለማንም አልነገርክም አይደል?»

ድራፍት ከፈትኩ። ባዶ ነው።