የኮቺንግ ገጼን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ስሠራ

የኮቺንግ አገልግሎቴን፣ ማለትም ሰው የራሱን መፍትሔ እንዲያገኝ በጥያቄና በውይይት የማግዝበትን ሥራ፣ የማስተዋውቅበትን የሊንክድኢን ገጽ ከከፈትኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በእነዚህ ወራት ገጹን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው በቆየባቸው ሦስት ወራት ከማላውቀው ሰው አንድም መልእክት አላመጣም። ሦስተኛው በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሁለት ሰዎች ጻፉልኝ፤ አንደኛዋ መልእክቷን የጀመረችው «ስለ እኔ የጻፉ መሰለኝ» ብላ ነው። በመካከሉ የተለወጠውን፣ እንደ እኔ በጅምር ላይ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼን ይጠቅም ይሆናል ብዬ እነሆ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ገጽ ስለ ራሴ ብቻ የሚያወራ ነበር። ሊንክድኢን ከስም በታች ለሚገባው መግለጫ 220 ፊደል ይፈቅዳል፤ እኔም ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት። አመራር፣ በራስ መተማመን፣ የሥራና የኑሮ ሚዛን፣ የሙያ ለውጥ፣ ምኑ ቅጡ። ማንም እንዳያመልጠኝ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሰው አንብቦ «ይህ የእኔ ጉዳይ ነው» የሚልበት ቃል አልነበረበትም። ራስን ማስተዋወቂያው ክፍል 2,600 ፊደል ይይዛል፤ ሆኖም አንባቢው ተጭኖ እስኪከፍተው ድረስ የሚታየው ጥቂት መስመር ነው። እነዚያን ውድ መስመሮች ያዋልኳቸው ሥልጠናዬን ለመዘርዘር ነበር።

ሥልጠናን አላቃልልም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው የብቃት ደረጃ ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል፤ የሚፈለገው ልምድ በሁለተኛው ደረጃ 500፣ በሦስተኛው 2,500 ሰዓት ይደርሳል። ማንም ተነስቶ «ኮች ነኝ» ሊል በሚችልበት ሙያ ይህ ለደንበኛው ትልቅ መተማመኛ ነው። ነገር ግን አንባቢው ማስረጃ የሚፈልገው ልቡ ካዘነበለ በኋላ ነው። ስለዚህ የምስክር ወረቀቴ አሁንም ገጹ ላይ አለ፤ ቦታው ግን ወደ ታች ወርዷል።

ኮች የሚለው ቃል የመጣው ኮች ከምትባል የሃንጋሪ መንደር ነው። በመንደሯ ይሠራ የነበረው ሰረገላ በስሟ ተጠራ፤ ቃሉም ውሎ አድሮ ሰውን ወዳሰበበት የሚያደርስ አስተማሪ ማለት ሆነ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ የጻፍኩት ስለ ሰረገላው እንጨትና መንኮራኩር ነበር።

በሁለተኛው ገጽ ክልሌን አጠበብኩ። ከሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል ተመርጠው ኃላፊ የሆኑ ሰዎችን ብቻ አገለግላለሁ ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔው ሆዴን አባብቶት ነበር፤ ሌላውን ሁሉ የማባረር ያህል ተሰማኝ። ውሳኔው ትክክል ነበር፣ ቃላቱ ግን አሁንም የመማሪያ ክፍል ቃላት ነበሩ። «የአመራር ሽግግር» ብዬ ጻፍኩ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ስልኩን የሚነካካ አዲስ ኃላፊ «የአመራር ሽግግር ቸግሮኛል» አይልም። ገጹን የሚያየው ሰው በረከተ፤ የሚጽፍልኝ ግን አልተገኘም።

መፍትሔው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከእያንዳንዱ የመተዋወቂያ ውይይት በኋላ «ምን አመጣዎት?» ለሚለው ጥያቄ ሰውየው የሰጠውን የመጀመሪያ መልስ፣ ስሙን ሳልጽፍ፣ እንደተናገረው ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። አንድ ቅዳሜ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። «ምሳ ላይ ሄጄ ስቀመጥ ወሬው ይቆማል።» «ሥራውን ከማስረዳ ራሴ ብሠራው ይቀለኛል እላለሁ፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አድራለሁ።» «ጓደኛዬን አርፍደሃል ለማለት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።» እኔ በ2,600 ፊደል ያልደረስኩበትን እነርሱ በአንድ ትንፋሽ ብለውታል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ደንበኛ በውይይት ላይ የተናገረው የእርሱ ነው፤ ምሥጢር መጠበቅ የሙያው መሠረት ነው። ስምን መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ባልደረባው አንብቦ ሊያውቀው ይችላልና። ስለዚህ ለሦስቱም ጽፌ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ እዚህ የጻፍኳቸውም በዚያው ፈቃድ ነው። ሁለቱ በገጹም ላይ ተጠቀሚበት አሉኝ፤ አንደኛው እዚህ እንጂ የሥራ ባልደረቦቹ በሚያዩት ገጽ ላይ እንዲወጣ አልፈለገም፣ እኔም ተውኩት። የሦስተኛው ገጽ መክፈቻ እንዲህ ሆነ፦ «ትናንት አብረዎት ይስቁ የነበሩ ሰዎች ዛሬ እርስዎ ሲመጡ ዝም ይላሉ? ኃላፊነቱን ሳይለቁ፣ ወዳጅነቱንም ሳያጡ የሚሠሩበትን መንገድ አብረን እንፈልጋለን።» ቃል የገባሁት አብሮ ለመፈለግ ብቻ ነው። በዚህን ያህል ሳምንት ሕይወትዎ ይለወጣል የሚል ተስፋ መስጠት ሐቀኝነት ነው ብዬ አላምንም፤ ውጤቱ የሚመጣው በደንበኛው ሥራ ነውና።

ከዚያ በታች የማልሠራውንም ጻፍኩ። ኮቺንግ የሥነ ልቦና ሕክምና አይደለም፤ ከባድ ሐዘን ወይም ድብርት ያለበት ሰው መሄድ ያለበት ወደ ጤና ባለሙያ ነው። ይህን መጻፍ ደንበኛ ያሸሻል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከጻፉልኝ ሁለት ሰዎች አንዱ ግን እንዲተማመንብኝ ያደረገው ይኸው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ነገረኝ።

የደንበኞች ምስክርነትም እንደገና ተሠራ። ቀድሞ «አስተያየት ብትጽፉልኝ» ብዬ ስጠይቅ «ድንቅ ባለሙያ ናት» የሚል መልስ ይመጣልኝ ነበር፤ ደስ ይላል፣ ለአንባቢ ግን የሚጨብጠው ነገር የለውም። አሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስንጀምር ምን አስቸግሮዎት ነበር? ዛሬ በተለየ መንገድ የሚያደርጉት ምንድን ነው? አንዲት ደንበኛ «ስብሰባ ላይ መልሱን ቀድሜ ከመናገር ይልቅ በሆዴ እስከ አሥር ቆጥሬ እጠብቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰባት ላይ ሌላ ሰው ይናገራል» ብላ መለሰችልኝ። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ልጽፍ አልችልም።

ፎቶውን በመስኮት ብርሃን፣ ፊቴ በስልክ ላይ በምትታየው ትንሽ ክብ ውስጥ እንዲለይ አድርጌ አነሣሁት፤ በዚህ ላይ ከዚያ በላይ አልደከምኩም።

«ለበለጠ መረጃ ያነጋግሩኝ» የሚለውን አጠፋሁት። በምትኩ የ30 ደቂቃ ነፃ የመተዋወቂያ ውይይት እንዳለ፣ በውስጡም ምን እንደሚሆን ጻፍኩ፦ መጀመሪያ እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ አብረን መሥራት ይጠቅም እንደሆነ በግልጽ እንነጋገራለን፤ እዚያው መወሰን አይጠበቅብዎትም። ቀጠሮ መያዣው ሰዓቱን በአንባቢው አገር አቆጣጠር እንዲያሳይ አድርጌዋለሁ። ይህን የተማርኩት በሌላ የሰዓት ክልል ያለች ሴት ለብቻዋ አንድ ሰዓት ጠብቃኝ ካዘነች በኋላ ነው፤ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ግን አልተመለሰችም።

ዋጋ በገጹ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ በሚለው ገና አልቆረጥኩም። አሁን የጻፍኩት የውይይቶቹን ብዛትና በመካከል የማደርገውን ክትትል ብቻ ነው።

በዚህ ሳምንት ለሙያው እንግዳ የሆኑ ሦስት ሰዎች የገጹን መክፈቻና መግለጫ በስልካቸው እንዲያዩ አደረግኩ፤ ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ «ይህ ለማን የተጻፈ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለቱ «ለአዲስ ኃላፊዎች» አሉ። ሦስተኛው «ከአለቃቸው ጋር ለተጣሉ» አለኝ። ተመልሼ ሳየው መግለጫው «ከአለቅነት ጋር ለሚታገሉ» ይላል፤ በችኮላ ለሚያነብ ሰው አለቃና አለቅነት ይምታታሉ። ዛሬ ጠዋት «ለመጀመሪያ ጊዜ ኃላፊ ለሆኑ» ብዬ ቀይሬዋለሁ፤ ሐሙስ ለሌሎች ሦስት ሰዎች አሳያለሁ።