አፍንጫ፦ እንደማንኛውም ሰው

የባለቤቴ ወገን ከፍሪስላንድ ነው፤ ከሰሜን ኔዘርላንድ። እሱ ከአያቱ በላይ ማን እንዳለ አያውቅም። ግድም የለው። ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማሁ ላደግኩት ለእኔ ግን ይህ አልዋጥ አለኝ።

ደግነቱ እነዚህ ሰዎች ወረቀት አይጥሉም። አገሪቱ በናፖሊዮን እጅ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1811፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በማዘጋጃ ቤት ይመዘገብ ጀመር። የፍሪስላንዱ መዝገብ ሌዋርደን ከተማ፣ ትሬሶአር የሚባል ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ። የልደት መዝገብ ከ100 ዓመት፣ የጋብቻ ከ75፣ የሞት ከ50 ዓመት በኋላ ለሁሉም ክፍት ነው።

ከዚያ በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። እዚያ ስንደርስ ባለቤቴ ግራ ገባው፤ እኔ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። አብዛኛው ሰው የቤተሰብ ስም አልነበረውማ! የያን ልጅ ፒተር ያንስ ይባላል፣ የእሱ ልጅ ደግሞ ያን ፒተርስ። «ስሙ ለምን ይቀያየራል?» ይለኛል። ምኑ ተቀየረ? የአባቱ ስም ነዋ። ሴቶቹም አግብተው በራሳቸው ስም ነው የሚጻፉት፣ ልክ እንደ እናቴ።

የሚያደክመው ሌላ ነው። ልጅ ሲሞት ለሚቀጥለው ያንኑ ስም ያወጡለታል። የአያት ስም መጥፋት የለበትም። ስለዚህ አንድ ልደት ሲገኝ መጀመሪያ የሞቱን መዝገብ ማየት ነው።

እኔ የምወደው የጋብቻ አባሪዎችን ነው፤ ተጋቢዎች ለመጋባት ያቀረቧቸውን ወረቀቶች። ብዙ ሰው የጋብቻውን መዝገብ ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ያሳዝናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለማግባት የልደት ማስረጃ ይጠየቃል። ወላጅ ከሞተ የሞቱ ማስረጃ፣ ሁለቱም ከሌሉ የአያቶች ሁሉ ይቀርባል። ሙሽራው ደግሞ የውትድርና ግዴታውን በተመለከተ ወረቀት ያመጣል። እዚያ ላይ መልኩ ተጽፏል፦ ቁመት፣ ዓይን፣ አገጭ። በ1830ዎቹ ያገባ አንድ የባለቤቴ የሩቅ አያት «አፍንጫ፦ እንደማንኛውም ሰው» ተብሏል። የባለቤቴን አፍንጫ ላየ ይህ ቀልድ ነው።

እዚያው ውስጥ ክፍያ የሚያስቀር የድሃ ማስረጃም ነበር። አማቴ ስትሰማ «ይኼን ለእህቴ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። በነጋታው ግን ደውላ መንደሩ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አሁን የእሷን ወገን ጀምሬያለሁ፤ ከዜላንድ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ ኔዘርላንድ። ብዙ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ዋና ከተማዋ ሚደልበርግ በጦርነቱ ስትቃጠል ጠፍቷል። የማዘጋጃ ቤቱ በሁለት ቅጂ ይያዝ ስለነበር ይገኛል። ከዚያ በፊት ላለው የግብርና የመሬት ሰነድ ማገላበጥ ሊኖርብኝ ነው። ባለቤቴ «አሁንስ ይበቃል» ብሏል። አይበቃም።