ጤና ጣቢያ ወይስ ሆስፒታል?

እርግዝናዬ ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። ቱሉ ዲምቱ ነው የምንኖረው፤ ጤና ጣቢያው በእግር አስር ደቂቃ ነው። አዋላጇ ከመጀመሪያው ክትትል ጀምሮ ታውቀኛለች። ሆዴን ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ጭንቅላቱ ወደ ታች ዞሯል፣ አይዞሽ የኔ እናት» ስትለኝ ልቤ እርፍ ይላል።

ግን ጤና ጣቢያው ኦፕራሲዮን አይሠራም፣ የሚሰጥ ደምም የለውም። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ጤና ጣቢያ ነበር፤ ብዙ ደም ፈሰሰኝና አምቡላንስ እስኪመጣ ባለቤቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በር ላይ ሲንቆራጠጥ፣ እናቴ እግሬን በነጠላዋ ጠቅልላ ስታሻሽ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ይህን ስነግራት አዋላጇ ራሷ «አንቺማ እዚህ አትወልጂም» ብላ ሪፈር ጻፈችልኝ። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ልሄድ ነው። እዚያ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ይሁን። እናቴ ገንፎውን ቤት ታገነፋልኛለች።