«ራልፍስ?»

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) በማታ ሺፍት ስሠራ የገጠመኝ ነው።

አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ደቡብ ለንደን፣ ክሮይደን ነው። አሜሪካዊ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም። የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል። ቀን ቀን ደህና ናቸው። ሲመሽ ግን ይረበሻሉ። የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ እየጠቀለሉና እየፈቱ «ራልፍስ?» ይላሉ።

የቀን ሺፍት ሠራተኞች ቻርታቸው (የክትትል መዝገባቸው) ላይ «ራልፍ፦ ወንድም ሳይሆን አይቀርም» ብለው ጽፈዋል። ዘመድ ተፈለገ፣ ስልክ ተደወለ። ራልፍ የሚባል ሰው ጠፋ።

እኔ ደግሞ በየምሽቱ «አይዞዎት፣ ነገ ይመጣል» እላቸው ነበር። ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ እንዲህ አልኳቸው። በእኛ ሥራ እንዲህ ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ቃሌን ይረሱታል፤ መጠበቁን ግን አልረሱም። ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን «ራልፍ ምንዎ ነው?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አንድ ምሽት ካልሲ ሳለብሳቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። እጄ ካልሲው ላይ ቀረ። ዜማውን አውቀዋለሁ! አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ለንደን ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞት መጥቶ ቤት ውስጥ ሲዘፍነው ከርሟል። «ስትሪትስ ኦፍ ለንደን» ነው። ደራሲውም ዘፋኙም ራልፍ ማክቴል።

ራልፍ ራሱ የክሮይደን ልጅ ነው፤ የሰፈራቸው ልጅ። ዘፈኑ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1969 አልበም ላይ ወጣ። በ1974 መጨረሻ እንደገና ለብቻው ሲወጣ ግን እንግሊዝን አዳረሰ፤ በዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዡ 2ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። አይቨር ኖቬሎ የሚባለውን የዘፈን ደራሲዎች ሽልማትም አገኘበት። የሚያወራው ስለተረሱ ሰዎች ነው። ጫማው ያለቀ ሽማግሌ አለ፣ በተዘጋ ገበያ ውስጥ የሚንከራተት። ቤት ንብረቷን በሁለት ፌስታል ይዛ የምትዞር ሴት አለች። ራልፍ በወጣትነቱ ፓሪስ ጎዳና ላይ ጊታር ይጫወት ነበር። ዘፈኑን ያሰበውም መጀመሪያ ስለ ፓሪስ ነው። እንግሊዝ አገር ይህን ዜማ የማያውቅ ማግኘት ይከብዳል።

ሮጥ ብዬ የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅኩ። ኤልተን ጆንን ሁሉም ያውቀዋል። ራልፍ ማክቴል ስል ዝም። ሪቻርድ ቶምሰን፣ ጆን ማርቲን እያልኩ ቀጠልኩ፤ አሁንም ዝም። አገራቸው ላይ የተከበሩ፣ የራሳቸውን ዘፈን የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። እኔን የገረመኝ ደግሞ «ማክቴል» የሚለው ስም ከአሜሪካ የመጣ መሆኑ ነው። የራልፍ የቤተሰብ ስም ሜይ ነበር። ብላይንድ ዊሊ ማክቴል የሚባለውን የጆርጂያ ብሉዝ ተጫዋች ስለሚወደው በእሱ ስም ተጠራ።

ባልደረቦቼን አልወቅስም። እኔ ነገ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ «ጥላሁንስ?» ብል፣ ጥላሁን ገሠሠን ማለቴ እንደሆነ የሚገባው ማን ነው? ወንድሟ ነው ብለው ይጽፉልኛል።

ስልኬን ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጬ ዘፈኑን ከፈትኩት። ጊታሩ ሲጀምር ጣታቸው ከብርድ ልብሱ ጫፍ ተነሳ። ወደ ስልኩ ዞረው ትንሽ አዳመጡ።

«ምነው እንዲህ ቆየ?» አሉኝ።

እስከ መጨረሻው አብረን ሰማን። ደግሜ ከፈትኩላቸው። ከዚያ ቻርቱን አወጣሁና «ወንድም» የሚለው አጠገብ እንዲህ ብዬ አስተካከልኩ፦ «እንግሊዛዊ ዘፋኝ ነው። ሁልጊዜ ከመምሸቱ በፊት ይከፈትላቸው።»