«ሃስል»ን የለመድኩት በጣጣ በኩል ነው

እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች «ፕሮብለም»ን እናውቃለን። አሜሪካ ሲመጡ ግን ሰው አፍ ላይ የማይጠፋው «ሃስል» (hassle) ነው። እኔ ቨርጂንያ ውስጥ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ስለምሠራ በየቀኑ እሰማዋለሁ። መዝገበ ቃላቱ «ችግር፣ ጭቅጭቅ» ቢለኝም አልበቃኝም።

ስለዚህ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በምን ጉዳይ እንደተባለም አብሬ እጽፋለሁ። አንዲት እንግዳ በረራዋን ወደ ማለዳ ልትቀይር አሰበች። ስልክ ላይ መጠበቁ፣ የቅያሪው ክፍያ፣ ሌሊት ተነስቶ ሻንጣ መሸከፉ ታያትና «ኢትስ ኖት ወርዝ ዘ ሃስል» ብላ ተወችው። ይሄማ ጣጣ ነው! «ጣጣው ይበዛል፣ ይቅርብኝ» ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጣጣ የምንልበት ቦታ ሁሉ ሞከርኩት። ቤት መቀየር፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ፣ የገዙትን ዕቃ መመለስ፤ ሁሉም ላይ ልክክ ይላል። ማስታወቂያ ላይ «ሃስል ፍሪ» ካለም ጣጣ የለውም ማለት ነው። ልዩነቱ ክብደታቸው ላይ ነው። በእኛ «ጣጣ ውስጥ ገባ» ሲባል ክስም እስርም ሊኖርበት ይችላል። ሃስል እዚያ ድረስ አይሄድም። የሚያሰለች፣ ጊዜ የሚበላ ነገር ነው እንጂ ሰው የሚጎዳ መከራ አይደለም። የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ሰው ፊት አይነሳም።

ግስ ሲሆን ደግሞ መነዝነዝ ነው። «ስቶፕ ሃስሊንግ ሚ» ያለ ሰው «አትነዝንዘኝ» እያለ ነው። ቱሪስት እየተከተሉ «ይህን ግዛኝ» ማለትም በዚሁ ቃል ይጠራል።

ብዙ የደከምኩት አነጋገሩ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጆች «ሃስል እያደረግኩ ነው» የሚሉት ሌላ ቃል (hustle) ነው፤ ለእንጀራ መሯሯጥ። በእኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። በእንግሊዝኛ ግን የሩጫው ቃል መሃሉ ላይ የማይነበብ «ት» አለው፣ አናባቢውም ይለያል። ለጣጣው አገጭ ወደ ታች ይወርዳል፣ ምላስ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል። ለሩጫው አፍ ብዙ አይከፈትም፤ «ኸስል» ወደሚለው ይጠጋል። ሁለቱን እያፈራረቅኩ ድምፄን ቀድቼ ማዳመጡ ከምንም በላይ ጠቅሞኛል። ጆሮ ካልለየ አፍ አይለይም፤ አጥብቄ የምመክረው ይህንን ነው።

አሁን ካርዱ አልሠራ ብሎት የቆመ እንግዳን «ሶሪ ፎር ዘ ሃስል» እለዋለሁ። ቅርበት አለው፣ ፊቱም ይፈታል። የይቅርታ ደብዳቤ ስጽፍ ግን «ኢንኮንቪኒየንስ» (መጉላላት) የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሃስል የአፍ ቃል ነው።