የፕራዶዬን የጎማ ዙሪያ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ስፈታ፦ ሶስቱ አልቋል አንዱ ቀርቷል

ሰላም ጀመዓው፣ የድሮ ፕራዶዬን ጥቁር ፕላስቲክ፣ ያው ፓራፋንጎው ላይ የጎማውን ዙሪያ ይዞ የሚሄደውን፣ እኔው ራሴ እፈታዋለሁ ብዬ ስፎክር የሳቃችሁብኝ አላችሁ አውቃችኋለሁ። ፀሐይ በልቶት አመድ መስሎ ነበር፣ አውልቄ ላጥበው ከስሩም ያለውን ላየው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ግቢያችን ውስጥ ጀመርኩ፣ ስህተቱም እዛው ላይ ነው። የጦሳ ተራራ ገና ጉሙን አላወለቀም፣ እጄ ራሱ ደርቆ ቁልፍ አልይዝ ብሏል። የፊት ግራውን ያዝኩ። ከስር ያሉት ብሎኖች አያስቸግሩም፣ ማታ ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አራግፌ ናፍጣ ጠብ አድርጌባቸው ስላሳደርኩ በ10 ቁልፍ ወዲያው ወጡ። ጉዱ ክሊፖቹ ላይ ነው። ለማታውቁት፣ ፕላስቲኩን ከላሜራው ጋር የሚይዙት ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ የፕላስቲክ ክሊፖች ናቸው፣ ሲገቡ ጆሯቸው ይታጠፍና ከውስጥ ይከፈታል፣ ሲወጡም እንደገና መታጠፍ አለባቸው፣ ብርድ የመታው አሮጌ ፕላስቲክ ደግሞ መታጠፍ የሚባል ነገር ረስቷል። ካቻቢቴ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልዬ አስገባሁና ሳብ ሳደርገው ቷ! ሌላው ቷ! ከዘጠኙ ሰባቱን ጨረስኳቸው። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና "አንተ፣ ሽምብራ እየቆረጠምክ ነው እንዴ?" አለችኝ። ካቻቢቴውም ጨርቁን በስቶ ቀለሙን ጫረልኝ።

ኮምቦልቻ ያለው አጎቴ ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ደውዬ ሳለቅስበት "አብሽር የኔ ልጅ፣ ይዘኸው ውረድ፣ እዚህ ፀሐዩ ይፈታልሃል" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። ግን እኮ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ፣ በመሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ሳትጨርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። እሁድ ሰባት ሰዓት ላይ የመኪናውን ቀኝ ጎን ለፀሐይ ሰጥተን አቆምነውና ቡና ተቀመጥን፣ አቦል ቶና በረካ፣ አጎቴ ዱዓውን ሳይጨርስ መነሳት የለም። በረካው ሲያልቅ ፕላስቲኩ እጅ ያቃጥላል። በካቻቢቴ ፈንታ የተሰበረ የማማሰያ እጀታ በቢላ ሾል አድርጎ ሰጠኝ፣ እንጨት ቀለም አይጭርም። ክሊፑ ያለበት ቦታ ድረስ አስገብታችሁ እዛው ጥግ ላይ ነው ወደ ውጭ መግፋት፣ ጫፉን ይዛችሁ ከሩቅ ከሳባችሁ ፕላስቲኩ ራሱ ይሰነጠቃል። የፊት ቀኝ አንድ ክሊፕ ብቻ ተሰበረ። የኋላ ቀኝ ምንም። ወላሂ ምንም!

የበሩ ላይ ያለው ረጅሙ ጌጥ ሌላ ነው፣ የኔ መኪና ላይ ያለው ክሊፕ የለውም፣ በባለሁለት ፊት ማጣበቂያ ነው የተለጠፈው። እሱን መሳብ አያስፈልግም፣ ሐይቅ ካሉ ዓሣ አጥማጆች የለመንኩትን የመንጠቆ ክር ሁለት ጫፉን እንጨት ላይ ጠቅልዬ ከኋላው እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ ሳደርገው ሙጫውን እየቆረጠ ሄደ። ፀሐይ ከሌለ የእህታችሁን የፀጉር ፎን ተዋሱ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት ቀለም ያነሳል። የቀረውን ሙጫ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ አሽቼ በሳሙና አጠብኩት። ቤንዚን ይሻላል ያላችሁኝ ነበራችሁ፣ ፎን እየሰራ አጠገቡ ቤንዚን? እኔ ገና ልጆች አሳድጋለሁ።

አሁን ወደ ቀረው ልምጣ። ፕላስቲኮቹ ሲነሱ ከውስጥ የወጣው የወረኢሉ መንገድ ዋልካ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይዞ ላሜራው ላይ ተኝቶ ከርሟል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጠርዙን እየፈገፈገ ቀለሙን ስለጨረሰው ውሃው በቀጥታ ብረቱን አግኝቶታል። ሶስቱ ጋ ዝገቱ ላይ ላዩን ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አንቲረስት፣ ያው የዝገት መከላከያውን ቀለም፣ ቀብቻቸዋለሁ፣ የክሊፕ ቀዳዳዎቹን ጠርዝ ሳይቀር በቀጭን ብሩሽ፣ ምክንያቱም ዝገቱ የጀመረው ከነሱ ነው። የኋላ ግራው ግን የመጨረሻው ብሎን ቁልፍ ሳሳርፍበት አንገቱ ላይ ተቆረጠ፣ ፕላስቲኩ ግማሹ ተነስቶ ግማሹ ተንጠልጥሏል፣ በክፍተቱ ጣቴን አስገብቼ ላሜራውን ጫን ሳደርገው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ።

አጎቴ አይቶ ዝም አለ፣ እሱ ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። አንድ ላሜራ ሰሪ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ቁራጭ መበየድ ነው ያለው ብሎኛል፣ ሌላው በስቱኮ እሞላዋለሁ ይላል፣ እኔ ስቱኮው በሚቀጥለው ክረምት ከነዝገቱ ይወድቃል ባይ ነኝ። እስከዛው ፕላስቲኩን በሲባጎ አስሬ ሐረጎን ተመልሼ ወጥቻለሁ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ልኩ የሆነ ክሊፕ ያየ ካለ ይጠቁመኝ፣ ስምንት ነው የሚጎድለኝ።